ሰንጢዬ ታሰረች

ሰንጢዬን ወሰዱብኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የልጆቼ እናት «ለአንዲት ዝገት አገር ይያዝልኝ ትላለህ እንዴ!» ብላ ስቃብኛለች። ልጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አባዬ፣ መርካቶ ሞልቷል፣ ሌላ እልክልሃለሁ» ብሎኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «እንኳን አንተን አብረው አልወሰዱህ» አለኝ። ሦስቱም ነገሩ አልገባቸውም። ለሚገባው ሰው ልንገር ብዬ ብዕር አነሣሁ። እርሳስ እንዳላነሣ የምቀርጽበት የለኝም።

ቀኑ ጳጉሜን 3 ነበር፣ ሩፋኤል። የዕለቱ ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ፤ እኔ ደግሞ በሰባ ዓመቴ ካፖርቴን ለብሼ ተጠመቅሁ። የነቀምቴን ቀይ ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፣ ጫማ ከያዘ አይለቅም። እንደምንም ብዬ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ደረስሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ጉዳዬ ሌላ ዓመት ያድራል። ለሦስተኛ ጊዜ «ነገ ይምጡ» የተባልሁበት ቦታ ነው ብል ይበቃል፤ አንባቢ በየከተማው የየራሱን ያውቃል።

በሩ ላይ አንዲት ፈታሽ ቆማለች፤ የልጅ ልጄ ብትሆን ነው። ትሑት ልጅ ናት፣ ይህ ነው ያናደደኝ። ባለጌ ብትሆን ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ስለት ነገር አለ?»

«አለብኝ እንጂ ልጄ! ለማርያም ጃንጥላ ተስያለሁ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አላስገባሁም።»

አልሳቀችም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ብርሌ ጠጅ ያስጋብዝ ነበር።

ኪሴን ገለበጠችው። መሐረብ ወጣ፤ የደም ግፊት ኪኒን ወጣ፤ ግማሽ መፋቂያ ወጣ፤ የልጅ ልጄ አኝኮ ያስቀመጠው ማስቲካ ከነወረቀቱ ወጣ (ይህን እኔም አላውቅም ነበር)። በመጨረሻ እሷ ወጣች። ልጅቷ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ እባብ እንደያዘ ሰው ከራሷ አራቀቻት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሰንጢ።»

«ለምን ይይዙታል?»

እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። አርባ ዓመት የያዝሁትን ነገር ለምን ትይዛለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። መነጽሬንስ ለምን እይዛለሁ? ጥርሴንስ? ዝም ስል ጊዜ ጥርጣሬዋ ጨመረ መሰለኝ፣ ከብስኩት ካርቶን ላይ አንድ ቁራጭ ቀደደችና በእስክሪፕቶ 17 ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። «ሲወጡ በዚህ ይወስዳሉ።» ሰንጢዬን ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ካርቶን ወረወረቻት። ቿ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው፣ እስረኛ ሞልቷል።

አሁን ልብ በሉልኝ። በቀኝ እጄ ከዘራ ይዣለሁ። የወይራ ከዘራ ነው፤ ጫፉ ብረት የተገጠመለት፣ ጭንቅላቱ የጎረምሳ ቡጢ የሚያህል። አንድ ጊዜ ብሰነዝረው የሰው ራስ ይፈነክታል። ልጅቷ እሱን ምን አደረገችው? ከእጄ ተቀብላ፣ በመዳፏ ጠርጋ፣ «ይደገፉት አባባ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» ብላ በእጄ አስያዘችኝ። ስለቷ ሰባት ሣንቲሜትር የሆነችው እስር ቤት ገባች፤ ባለብረቱ ከዘራ ተደግፎኝ ደረጃውን ወጣ።

አርባ ዓመት ምን አደረግህባት ለሚለኝ፣ እነሆ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርሁ። ከአርጆ እስከ ጊምቢ፣ ከሲሬ እስከ ነጆ በእግርና በበቅሎ የዞርሁ ሰው ነኝ። የቡና ጉንደላ በመጋዝ ይሠራል፣ ገረዛው በመቀስ፤ መጋዙም መቀሱም ግን ወረዳው መጋዘን ተቆልፎባቸው፣ የመጋዘኑ ሰውዬ ስብሰባ ሄዶ ነው የሚገኙት። ኪስ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። የማንጎ ችግኝ ገበሬ ፊት ቆርጬ፣ የአንዱን ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር አስሬ ያሳየሁት በእሷ ነው። ከገበሬ እግር እሾህ አውጥቼባታለሁ፣ የበቅሎ ጭነት ገመድ ተወጥሮ አልፈታ ሲል በጥሼባታለሁ፣ የተማሪ እርሳስ ቀርጬባታለሁ፣ የልምጭ መፋቂያ ጫፉን ልጬባታለሁ። አንድ ሌሊት ዴዴሳ በረሃ ውስጥ የላንድሮቨር ቱቦ ተቀዶ፣ ከካላማደሪያ ቁራጭ ላስቲክ ቆርጠን ያሰርነው በእሷ ነው። ሰው ላይ? አንድ ጊዜ ብቻ። የራሴን አውራ ጣት ቆረጠችኝ፣ ጠባሳው አለ። ይቅር ተባብለናል።

ማንጎ ካነሣሁ አይቀር አንድ ብሶት ልጨምር። በ2002 ዓ.ም. ከነቀምቴ ጥግ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ፣ የማንጎ ቅጠል ላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ተባይ ታየ። ከውጭ በመጣ ችግኝ ተሳፍሮ እንደገባ ነው የሚገመተው። ከዚያ ወዲያ የወለጋን ማንጎ ምን እንዳደረገው ገበሬውን ጠይቁ፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው ይዥጎረጎራል፣ ነጋዴ አይቶ ይመለሳል። ይኼ ፍጥረት ባሕር ተሻግሮ፣ ስንት ኬላ አልፎ ሲገባ «ስለት ነገር አለ?» ያለው አንድ ሰው የለም። የእኔ ሰንጢ ግን ተያዘች። እጅ ከፍንጅ!

እናንተ «ጳጉሜን ላይ ቢወስዱብህ መስከረም ላይ ትገዛለህ» ትሉ ይሆናል። መስከረም ላይ ነው ችግሩ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዘንድሮ ጉዱ በእኔ ላይ ወጣ። የመስቀል ሰሞን በወለጋ የአንጮቴ ሰሞን ነው። አንጮቴን ለማያውቅ፦ ሐረግ ሆኖ የሚሳብ፣ ከሥሩ ቡጢ የሚያህል ፍሬ የሚያፈራ፣ ሊቃውንቱ ኮክሲንያ አቢሲኒካ የሚሉት የእኛው የወለጋ ሥራ ሥር ነው። አጥንቱ ለተሰበረና ለወለደች ሴት ይሰጣል፤ የካልሲየም ሀብታም መሆኑን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኋላ መርምረው አረጋገጡልን፣ እናቶቻችን ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ ቀድመው ያውቁታል።

አንጮቴ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ የሚላጠው ከበሰለ በኋላ ነው፣ ሙያውም እዚያ ላይ ነው። ትኩሱን በግራ እጅ በጨርቅ ይይዙታል። ስለቷን ከልጣጩ ሥር በአግድም አስገብተው መግፋት ሳይሆን መሳብ ነው፤ ከገፉት ሥጋው አብሮ ይሄዳል። ቀጭኑ ልጣጭ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተጠቅልሎ ይወርዳል፣ ከሥሩ ነጩ ይወጣል፣ እንፋሎቱ መነጽር ያደበዝዛል። ከዚያ በስሱ እየከተፉ፣ ቅቤና ቆጭቆጫ አፍስሰው፣ ዝም ብሎ መብላት። የወጥ ቤት ቢላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ወፍራም ነው፣ አንጮቴን ድንች ያስመስለዋል። እኔ ቤት ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ የምከበረው በዚህ ነበር፤ የልጅ ልጆቼ ከብበውኝ «አካኮ፣ ለእኔ! አካኮ፣ ለእኔ!» ሲሉ። ዘንድሮ ባለቤቴ በወጥ ቤት ቢላ ላጠችው። ድንች በላን።

ፍተሻ ለምን ኖረ የምል ጅል ግን አይደለሁም። ወለጋ ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈች ለእኔ የሚነግረኝ የለም፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ለቅሶ ሲበዛ እዚሁ ነበርሁ። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ በሰልፈኛ ላይ ቦምብ ሲወረወር በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ፈታሿም እናት አላት፣ ማታ በሰላም እንድትገባላት የምትጠብቅ። አውሮፕላን ላይም ስለት አይግባ ካሉ አፌን ይዣለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1989 የእኛው አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። የዚያን ቀን የሬዲዮ ዜና የሰማ ሰው አይቀልድም። ጠላፊዎቹ ከዚያው ከአውሮፕላኑ ያነሡትን መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነበር የያዙት፤ ይህንንም ልብ ማለት ደግ ነው።

ግን ልክ ይኑረው ነው የምለው። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመለስ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮን እያለፍን በየኬላው ወረድን፣ ተሰለፍን፣ እጅ ወደ ላይ አነሣን። ለሽማግሌ ጉልበት ይኼ የስፖርት ማዘውተሪያ ነው። ታዲያ አንዱ ኬላ ላይ ተሰልፈን ሳለ፣ አንድ ገበሬ መጥረቢያ በትከሻው፣ ማጭድ በወገቡ አድርጎ በአጠገባችን «ነጋ ቡልተኒ?» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ። ፈታሹም አጸፋውን መለሰለት፣ ስለ ዝናቡም ጠየቀው። ሰንጢዬ ያኔ ካልሲዬ ውስጥ ነበረች (ይኼው ተናዘዝሁ)፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። መጥረቢያ ያለ ችግር ያልፋል፣ ሰንጢ ያስጨንቃል። ለምን? መንገዱን ሙሉ አሰብሁበት፣ ባኮ ላይ ገባኝ። መጥረቢያ አይታጠፍም። ማጭድ አይታጠፍም። ከዘራ አይታጠፍም። የሰንጢዬ ጥፋት ስለት መሆኗ አይደለም፣ መታጠፏ ነው። አንገቷን ደፍታ ኪስ ውስጥ መቀመጧ ተንኮል አስመሰላት። እንደ ማጭድ ተገትራ ሰው እየቧጨረች ብትዞር ኖሮ ታማኝ መሣሪያ ትባል ነበር።

የሕግ ሰው ነኝ የሚል አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እኮ አለ» አለኝ። ርዕሱን አስነበብሁት፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ። ጦር! ሰንጢዬ የዘመተችው አንጮቴ ላይ ነው፤ ማርካም አታውቅ፣ ቆስላም አታውቅ።

ዓለሙም እንደኛ ግራ ገብቶታል፣ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካኖች እስከ አሥር ሣንቲሜትር የምትደርስ ስለት ይዞ አውሮፕላን መሳፈርን ይፈቅዱ ነበር። ከዚያ እኛ አዲሱን ዓመት መስከረም 1 ቀን 1994 ስናከብር እነሱ ላይ ያ የአውሮፕላን ጠለፋ መዓት ወረደ፣ የጥፍር መቁረጫ ሳይቀር ተሰበሰበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «ከስድስት ሣንቲሜትር ካላለፈች ትግባ» ብለው አስታወቁ፤ ይህን ስሰማ የልጅ ልጄን ማስመሪያ አምጥቼ የእኔዋን ለካኋት። ሰባት! በአንድ ሣንቲሜትር ወደቅሁ። አሜሪካ የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝም፣ ቢሆንም ከፋኝ። በሦስት ወሩ የአውሮፕላን አስተናጋጆቹ እሪ ብለው ውሳኔው ተሻረ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንድ የሲክ እምነት ተማሪ ኪርፓን የምትባለውን የሃይማኖቱን ጩቤ በልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ትምህርት ቤት እንዲይዝ ፈቀደለት። ይህን ካነበብሁ በኋላ ለፈታሿ «ሃይማኖቴ ነው» ልላት አስቤ ነበር፣ መስቀሌን አንገቴ ላይ አይታው ስለነበር ተውሁት።

ከሁሉ የባሰው የስዊሶቹ ነው። ያቺ ቀይ፣ መስቀል ያለባት ሰንጢ፣ በየአገሩ የታወቀችው፣ ታላቅ እኅቷ እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ1891 ጀምሮ ለወታደሮቻቸው የታደለች፣ ጣሳ መክፈቻ፣ ብሎን መፍቻ፣ መብሻ ሁሉ ያላት። በ2024 የፋብሪካው ኃላፊ ምን አሉ? አገር ሁሉ ሕጉን ስላጠበቀ፣ ምላጭ የሌላት ሰንጢ ልንሠራ ነው አሉ። ምላጭ የሌላት ሰንጢ! ጡት የሌላት ላም አርቡ እንግዲህ፤ ፈታሽ ያሳልፋታል፣ ማለብ ብቻ ነው የማይቻለው።

ወደ በሩ ልመለስ። የዚያን ቀን «ነገ ይምጡ» ተብዬ ስወጣ ዝናቡ ብሶ፣ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፣ ልጅቷ የለችም፣ ጠረጴዛው ወደ ውስጥ ገብቷል። በማግስቱ ካርቶኗን ይዤ ሄድሁ። ተረኛው ተቀይሮ አንድ ጎረምሳ ቆሟል። 17 የሚለውን አየው። ካርቶኑ ዝናብ ጠጥቶ ቁጥሩ ቀልጧል፣ 11 ይሁን 17 አይለይም።

«አባባ፣ ያደረ ዕቃ ንብረት ክፍል ነው የሚገባው።»

ንብረት ክፍል ሄድሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት መጣሁ። ስብሰባው አላለቀም። ጳጉሜን 5 መጣሁ። «የርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ አለ?» አሉኝ። ለሰንጢ ሊብሬ ይወጣል እንዴ? «ማመልከቻ ይጻፉ።» ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ሁለት ገጽ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ «ጉዳዩ፦ የታሰረች ሰንጢ እንድትፈታልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ። ኃላፊው አንብበው ሳቁ፣ ለጎረቤት ቢሮ ሰዎችም አነበቡላቸው፣ ሻይ አዘዙልኝ። ሰው ናቸው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከዚያ ካርቶኑን አስመጥተው ጠረጴዛቸው ላይ ገለበጡት።

ስንት ሽማግሌ ኖሯል! ሃያ የምትሆን ሰንጢ ፈሰሰች። አንዷ ቢጫ ላስቲክ ተጠምጥሞባታል፤ አንዷ ከመጋዝ ቁራጭ የተሠራች፤ አንዷ የስዊሶቹን አስመስሎ ቻይና የቀባት ቀይ፤ አንዷ ጫፏ ተሰብሮ እንደገና በሞረድ የሾለች። አንዷ ላይ የጤፍ ቂጣ ፍርፋሪ ደርቋል፣ ባለቤቷ ቁርሱን ሳይጨርስ ነው የተወሰደችበት። ሁሉም በየኪሱ የተለሳለሱ፣ የሰው መዳፍ የጠገቡ ናቸው። ለፈንጂ ፍለጋ የወጣ መንግሥት የማረከው ይህን ነው፤ የሽማግሌ ቁርስ መቁረጫ።

የእኔዋን ፈለግሁ። አንዲት የቀንድ እጀታ ያላት አገኘሁና ልቤ ደነገጠ። ከፈትኋት። አይደለችም። የእኔዋ ከጫፏ ዝቅ ብሎ አንድ ጥርስ አላት፣ ዴዴሳ ላይ የተጎረደች። ይህችኛዋ ደህና ናት፣ ከእኔዋም ትሻላለች።

«አባቴ፣ ያው አይደለች? ይውሰዷት» አሉ ኃላፊው።

ያው! በቅሎህ ጠፍታ የጎረቤትህን በቅሎ እየሳቡ «ያው አይደለች?» ቢሉህ ትቀመጥባታለህ? ባለቤቷ አንድ ቀን ቁጥሩን ይዞ ቢመጣስ? የሰው ሰንጢ ኪሴ ውስጥ ይዤ ብዞር ነው ያኔ በእውነት ሌባ የምባለው። አጥፌ መለስኋት። ኃላፊው ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ ማመልከቻዬን ፋይል ውስጥ ከተቱት፣ ቁጥር ሰጡት። ማመልከቻዬ አሁን ቁጥር አለው፣ ሰንጢዬ የለችም።

እንግዲህ ከሃያዎቹ መካከል ከሌለች፣ አንድ ሰው ወስዷታል ማለት ነው። ወይ በዚያ ዝናብ ተሳስቶ፣ ወይ ወዷት። ነቀምቴ ትልቅ ከተማ ሆናለች፣ ግን ሰው ይተዋወቃል። ምልክቷ ይኸው ነው፦ እጀታዋ ጥቁር የበሬ ቀንድ፣ በአንድ በኩል ምስማሩ ከመዳብ፤ ስለቷ ሰባት ሣንቲሜትር፣ ጫፏ አጠገብ ጎርደድ ያለች፤ ካሸተቷት ቡና ቡና ትላለች። መልሱልኝ ብዬ አልጨቃጨቅም፣ በዚህ ዕድሜ ለሌላ ማመልከቻ ጉልበት የለኝም። የወሰድሃት ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ስማኝ። የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ አትሳላት፣ የወንዝ ድንጋይ በውሃ እያራስህ በዝግታ ሳላት። ቆርኪ አትክፈትባት። በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ማጠፊያዋ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርግባት።